በአባትሽ ቤት ማን ትባዪ ነበር

ጉና ሥር፣ ጥቅምት 8 ቀን

ከልቤ ለማትጠፋው ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? የሪያድ ሙቀት ቀለል አለልህ ወይ? ባለፈው ስትደውል ያነሣኸው የጀርባ ሕመም ተሻለህ? እናታችን ጉልበቷን ብርዱ ቢይዛትም ቤተ ክርስቲያን መሳሟን አልተወችም፤ ስምህን ሳትጠራ አትተኛም። ገብሱ ዘንድሮ አምሯል። ድንቹን በሽታ ገባበት እንጂ። ፋሲካ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። የላክህላት ቦርሳ ጀርባዋን ሙሉ ይሸፍናታል፤ ከኋላ ሲያዩዋት ቦርሳው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

ደኅና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም። በነሐሴ መጨረሻ ደውለህ የሰፈሩ ሰው እንዴት ነው ስትለኝ ሁሉም ደኅና ነው አልኩህ። ያን ቀን ከቀብር ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ አጠገብህ ተቀምጦ ነበር መስማት ያለብህ። አንተ ያለኸው ደግሞ ዘመድ በሌለበት ነው። ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲሠራም እናታችንና ፋሲካ ከጎኔ አይርቁም። ስለዚህ የጎረቤታችን የአባይ ልጅ ሚሚ ወደዚያው ልትመለስ ስትነሣ ይህን በእጇ ሰጠኋት። ከሥራ ስትወጣ፣ ተቀምጠህ አንብበው።

ዘርትሁን ነሐሴ 25 ቀን ዐረፈች። በወሊድ ነው። ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ልጁ ደኅና ነው።

እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም፤ እኔ አለሁበትና።

አንተ ስትሄድ የማኅበሩ ጤና ማዕከል ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። አሁን ሰባት ነው። ያገሩ ሰው ድንጋይ አቅርቦ፣ ከተማና ውጭ ያሉ ልጆቹ አዋጥተው አሳደጉት። ለትርፍ አይሠራም፤ የመጣ ሁሉ ይታያል። ነፍሰ ጡሯ፣ ሕፃኑ፣ ሳል ያልለቀቀው፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ሐሳብ እንቅልፍ የነሣው፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እኔ ዛሬም ካርድ ክፍል ነኝ። አንድ ቤተሰብ አንድ ማኅደር አለው። ከቤቱ አንድ ሰው ሲመጣ ማኅደሩ በሙሉ ይወጣና ነርሷ የሁሉንም ካርድ ታያለች። አማት ለደም ግፊቷ መጥታ ስለ ምራቷ ክትባት ትጠየቃለች። ብዙ ሰው ያዳነ አሠራር ነው።

ሙሽሮች ሲመጡ ግን እንቸገር ነበር። ታውቀዋለህ፣ እኛ ጋ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ከዚያ በኋላ በአሮጌው የሚጠራት የለም። በአባቷ ማኅደር ውስጥ ያለው ካርዷ በአንድ ስም፣ በባሏ ማኅደር የሚከፈተው በሌላ ስም ይሆናል። ከስድስት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ የማይስማማት መርፌ በአባቷ ቤት ካርድ ላይ ተጽፎ ሳለ ልትወጋ ስትል ራሷ አስታውሳ ተረፈች። በማግስቱ ለኃላፊያችን አንድ ነገር ይጨመር አልኩ፤ ተጨመረ። አሁን በእያንዳንዱ ሴት ካርድ አናት ላይ ታትሟል፤ በአባትሽ ቤት ማን ትባዪ ነበር? ጥያቄውን ጠይቄ፣ አሮጌውን ካርድ ከመደርደሪያ አውጥቼ ከአዲሱ ጋር አያይዛለሁ። በስብሰባ ላይ አመስግነውኛል። ይህን የምነግርህ ሥርዓቱን ሳላውቅ ቀርቼ እንዳይመስልህ ነው።

ዘርትሁን ካቻምና ጥር አገባች። ባሏ በላይነህ ይባላል፤ ትሑት ገበሬ ነው። ለአንተ አልነገርኩህም። ከሄድክ ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በኋላ፣ ሞተሃል ብለን ተስፋ ከቆረጥን በኋላ፣ መጀመሪያ የደወልክ ቀን ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? የምመለስበትን አላውቅም፣ አትጠብቀኝ በዪልኝ አልክ። ነገርኳት። እኛ ግቢ ልብስ ታሰጣ ነበር። እሺ አለችና የቀረውን አሰጣች። የሌላውን ነገር ልንገረው ወይ ብላት፣ ከሰማ በዚያው በሄደበት መንገድ ይመለሳል፣ በረሃ ላይ ከቀረ ማን ይጠየቃል አለችኝ። ከዚያም በኋላ አራት ዓመት ከግማሽ ሳታገባ ቆየች። አባቷ መሪጌታ ምን እንደምትጠብቅ አልገባቸውም።

ባገባች በሦስተኛው ወር አማቷ እትዬ አሰለፈች ለደም ግፊታቸው ሲመጡ አብራቸው መጣች። እመቤት ብለው ስም አውጥተውላታል። እሳቸው በር ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ሲነጋገሩ እሷ ቀድማ ወደ ካርድ ክፍል መጣችና በመስኮቱ እጄን ያዘችኝ። ያንን ጥያቄ አትጠይቂኝ አለችኝ። ማኅደሩ ሲከፈት አማቷ ከጎኗ ይቀመጣሉ፤ ያ ካርድ ከወጣ ትዳሯ ያን ቀን ያበቃል፤ አባቷም ይሰማሉ። ለነርሷ ለብቻዋ ልንገራት አልኳት። ለአንድ ሰው የተነገረ ለአገር ነው አለችና፣ ፋሲካ ትሙት በዪኝ አለችኝ።

ፋሲካ ትሙት አልኩ።

አሮጌው ካርድ በመሪጌታ ማኅደር ውስጥ ነበር። ምን እንደተጻፈበት በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ልጅ፣ ሴት፣ በሕይወት ያለች፣ ሰኔ 12። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተልካ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷታል። ከሥሩ የያን ጊዜው ጤና መኮንን በቀይ ቀለም፣ በሚቀጥለው እርግዝና ከመውለጃዋ አንድ ወር ቀድማ ሆስፒታሉ አጠገብ ትቆይ፣ እዚህ አትውለድ ብሎ ጽፏል። ያን ክረምት እኛ ቤት ነበር የከረመችው፤ ለአባቷ ሥራ ልታግዘኝ ነው ብለናቸው። እኔም ከአንበሳሜው ትዳሬ ፈትቼ የተመለስኩት በዚያው ዓመት ስለሆነ ጎረቤት ወሩን ቆጥሮ ሕፃኗን የእኔ አደረጋት። አላረምኳቸውም።

በአዲሱ ካርድ ላይ በእጄ የጻፍኩት፣ እመቤት፣ የቀድሞ ካርድ የላትም የሚል ነው።

ስታረግዝ ሆስፒታል ሂጂና ውለጂ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። ምን ብዬ አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ልጅ፣ ጤነኛ ሆኜ፣ ማዕከሉ ደጃችን ላይ እያለ ደብረ ታቦር ልውረድ ብል ለምን አይሉኝም ወይ? ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን ሰውነቴ ጠንክሯል ብላ ሳቀች።

ነሐሴ 25 ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ምጥ ይዟት መጣች። አማቷና ባሏ አብረዋት ነበሩ። ሦስት ሰዓት ላይ የማዕከሉ አምቡላንስ እግሩ የተሰበረ ሰው ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። ሹፌሩ ባዩ በመስኮቴ አንገቱን አስገብቶ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሌላ የሚላክ በሽተኛ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ ይጠይቃል። የለም አልኩት።

ወንድሜ፣ ያቺን ቃል ነው ሌት ተቀን የምሰማት።

አምስት ሰዓት ላይ አዋላጇ ሲስተር ገነት ጓንቷን እያወለቀች ወጣችና ደስ ብሏት፣ ለመጀመሪያ ልጅ እኮ እንዲህ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም አለችኝ። ገነት ወደ እኛ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የቀድሞውን አታውቅም። ተነሥቼ የመሪጌታን ማኅደር አወጣሁ። በር ድረስ ሄድኩ። እትዬ አሰለፈች ኮሪደሩ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝ። በፋሲካ ራስ ላይ የማልኩት ትዝ አለኝ። ተመልሼ ማኅደሩን ቦታው ላይ አስቀመጥኩት።

ስድስት ሰዓት ላይ ወለደች። ልጁ አለቀሰ፣ እልልታም ተሰማ። ብዙ ሳይቆይ ገነት ግሉኮስ አምጡ ስትል ሰማሁ። ድምፅዋ ሌላ ነበር። ያኔ ሮጥኩ፤ ካርዱን በእጇ ሰጠኋት። ቀዩን ቀለም አነበበች። ወደ እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ወደ ሥራዋ ዞረች። መርፌውን ሰጠች፣ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ አለቀቀችም፤ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ደም ግን እኛ ዘንድ የለም። ባዩ በዚያ ጭቃ እስኪመለስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

አምቡላንሱ ውስጥ ገነት፣ እትዬ አሰለፈችና እኔ ነበርን። ገነት እንዳትተኛብን ብላ እያናገረቻት ነበር። ስምሽ ማነው? ንገሪኝ፣ ማን ትባያለሽ? ትላታለች። ሁለት ጊዜ ዝም አለች። በሦስተኛው ዓይኗን ገልጣ፣ ዘርትሁን አለች። እትዬ አሰለፈች ግንባሯን እያሻሹ፣ አዎ ልጄ፣ ዘርትሁን፣ አይዞሽ ዘርትሁን አሏት። የደብረ ታቦር ቆርቆሮ ከሩቅ ሲታይ ትንፋሽዋ ቆመ።

በማግስቱ ለኃላፊያችን ሁሉንም ነገርኩ፣ የካርድ ክፍሉንም ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጉዳዩ ተጻፈ፣ ተጠየቅኩ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ቁልፉን ወስዳ የመለሰችልኝ ገነት ናት። ነገም ሙሽራ ትመጣለች፣ ማን ሊጠይቃት ነው አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ዞር ብላ፣ በጆሮዬ ሹክ ብትዪኝ ኖሮ ባዩ ሲወጣ አብራ ትሄድ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም ነበር አለች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ነገር በቀር አታናግረኝም። አልፈርድባትም።

ሁለቱን ካርዶች እኔው አያያዝኳቸው። የመዝጊያው ገጽ ላይ በሕይወት ያሉ ልጆች የሚል መስመር አለ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

አርባዋ ዕለት ፋሲካን ይዤ ሄድኩ። ጥቁር ነጠላ አልብሻት ነበር፤ ለምን ብላ ስትጠይቀኝ፣ ስለምትወድሽ ነው አልኳት። እትዬ አሰለፈች ሰው ሲቀልል ጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀደሙኝ። ከገባች በሁለተኛው ሳምንት ነው ያወቅኩት አሉኝ፤ የጎረቤታችንን ሕፃን ስታቅፍ አይቼ፣ ያልወለደች ሴት እንዲያ አታቅፍም። ታዲያ ለምን አልነገሯትም አልኳቸው። እኔማ ስም ያወጣሁላት የኋላዋን እዚያው ትታ እንድታርፍ ነበር፣ እኔን እንድትፈራኝ አልነበረም አሉ። እሷ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ እንዳላውቅባት ስትደበቅ፣ እንዲሁ ቀረን አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ልንሄድ ስንነሣ ፋሲካን አገጯን ይዘው ብዙ አዩዋት። ሕፃኑን አምጥተው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት፣ ራሱን እንዴት እንደምትደግፍም አሳዩዋት። ለእኔ፣ አንዳንዴ አምጪያት፣ ወንድሟን ትየው አሉኝ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሌላ ወሬ የላትም።

እንግዲህ የማውቀው ይህ ነው። እኔን መቆጣት መብትህ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ ሌላ ሰው አይደለም። በዚያ በበረሃው መንገድ ግን አትመለስ፤ ይህን የምለምንህ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ እሷም ትለምንህ ነበር። ፎቶ በሚሚ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ሰኔ ሚካኤል ዕለት ሰባት ዓመቷን ስትይዝ የተነሣችው ነው። የግንባሯን መስመር እናታችን ከማን እንደወሰደችው ሁልጊዜ ትናገራለች፤ አንተ ራስህ ታየዋለህ።

እናታችን በጉልበቷ ተንበርክካ መርቃሃለች፤ የሄድክበት ይቅናህ፣ ክፉ አይይህ፣ ለአገርህ አፈር ያብቃህ ብላለች። እኔም አሜን እላለሁ። ፈጣሪ ብቻህን በምታነብበት ሰዓት አጠገብህ ይሁን።

ፋሲካ ደብዳቤ እየጻፍኩ እንደሆነ ዐውቃ ከጎኔ ተቀምጣለች። አጎቴን ሰላም በዪልኝ ትላለች። እስካሁን እንዲያ ስትልህ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ከእንግዲህ ማን ብላ እንደምትጠራህ አንተው ጻፍልኝ፤ እስክትጽፍልኝ ድረስ አላርማትም።

ሁልጊዜም የማትረሳህ
እህትህ