የፀጉር ቤት ዋጋ ያናደደው ወንድሜ ሆይ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፦

እንዴት ነህ ጋሼ? ጤናህስ? ወገብህ እንዴት ሆነልህ? መኪና ሥር ስትገባ ካርቶን አንጥፍ ያልኩህን ሰምተህ ይሆን፣ ወይስ አሁንም ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው የምትጋደመው? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ፈቀደላት? እታለምስ? ልጆቹስ? ድንቡሼ ዳዴ ማለት ጀምራለች ብለኸኝ ነበር፤ አሁን ቤቱን እያተራመሰች መሆን አለበት። እኔ የእግሬን ማበጥ ካልቆጠርነው ደኅና ነኝ። ናፍቆታችሁ ግን በርትቶብኛል።

ሰላምታውን እዚህ ላይ ልግታውና ወደ ነገሬ ልግባ፣ ምክንያቱም ተናድጃለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ ቆሽቴ ነው ያረረው። «እታለም ፀጉር ቤት እየተመላለሰች ገንዘብ ትበትናለች። ፀጉር ለማበጠር ይህን ያህል መጠየቅ ዘረፋ ነው። አንቺ ሙያው ውስጥ ስላለሽ እንደማያዋጣ ጻፊልኝና ላንብብላት» አልከኝ። ጋሼ፣ በሚስትህ ላይ እኔን ምስክር ልታቆም? ያውም በገዛ እንጀራዬ ላይ? ይሁን፤ ከጠራኸኝ እመሰክራለሁ። ደስ ባይልህ ግን አደራ በእኔ አትፍረድ።

እስቲ «ማበጠር» ብቻ ከምትለው እንጀምር። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የምውለው። ጣቶቼ ከመድኃኒቱ ብዛት ተሰነጣጥቀው ሎሚ መጭመቅ ካቆምኩ ቆየሁ። ሹሩባ ሲጠብቅ ግንባር ላይ ያለውን ፀጉር ነቅሎ ያስቀራል፣ ሲላላ ደግሞ በማግስቱ ይፈታል፤ ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው፣ ጣትም በአንድ ቀን አይማርም። አንተ አንድ ደንበኛ «ዘይት ለመቀየር ይህን ያህል?» ቢልህ ምሳህን ትተህ ስትብሰለሰል ነው የምትውለው። የአንተ ሙያ ሙያ፣ የእኔ ጨዋታ የሆነው ለምንድን ነው? ያንተ እጅ ግራሶ ስለነካ፣ የእኔ ቅባት ስለነካ?

አሁን ደግሞ ያልነገርኩህን ልንገርህ። ከዚያ ፀጉር ቤት ወጥቻለሁ። አትደንግጥ፣ ለእማዬም ቀስ ብለህ ንገራት። የወጣሁበትን ምክንያት ስትሰማ ለጥያቄህም መልስ ታገኛለህ።

አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ የምትገባ ሴት። ሁልጊዜ የምትመጣው ሰው በማይበዛበት ሰዓት ነው፤ የምትቀመጠውም ጥግ ያለው የእኔ ወንበር ላይ። መጀመሪያ የመጣች ዕለት ፀጉሯን ሳጥብ ጣቴ ማጅራቷ አካባቢ አንድ ልሙጥ ነገር ነካ። ብገልጠው መዳፍ የሚያህል ቦታ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሶ ተመልጧል። ከታጠበችበት ሳትነሳ እጄን ያዝ አደረገችና «እባክሽ» አለችኝ። እኔም አልጠየቅኋት። ከዚያ ወዲያ ከላይ ያለውን ፀጉር እያወረድኩ፣ ጫን ሳላደርግ እየጎነጎንኩ፣ ያችን ቦታ ለማንም ሳላሳይ እሸፍንላት ነበር። ሥራው ቶሎ ስለሚላላ በየጊዜው መመለስ ነበረባት። ባሏም አያውቅም።

ባሏ ግንበኛ ነው። አንድ ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ በሩን በርግዶ ገባ፤ ጫማው ላይ ያለውን ሲሚንቶ ሳያራግፍ። ያን ቀን ሌላ ሰዓት አጥታ ነው በግርግሩ መሐል የመጣችው፤ ፀጉሯም ገና እኩሉ ተሠርቶ እኩሉ ተበትኗል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ዛሬም እዚሁ ነሽ?» አላት። ቀጥሎም ወደ ሰዉ ዞር ብሎ፣ ሊያስቅብን ፈልጎ፣ «ቤታችን ማበጠሪያ የጠፋ መሰላችሁ? እኔ ራሴ በነፃ አበጥራት ነበር!» አለ። አንዳንዶቹ ሳቁለትም። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የነበረች ሴትዮ ጭንቅላቷን አውጥታ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች፣ ቢጎዲኗ እየተንጠለጠለ።

ደሜ ፈላ ጋሼ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ጸሐፊዋ እጇን አነሣችና አስቆመችኝ። ማበጠሪያውን ከእጄ ወሰደች። «እንካ፣ አበጥረኝ» አለችው።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ምን እንደሚያይ ከእሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰው እያየው ስለሆነ እምቢ ለማለት አፈረና ከሥሩ ጀምሮ ላጥ ላጥ ያደርገው ጀመር። ዓይኗን ጨፈነች። አላስችል ቢለኝ «ከጫፉ ጀምር እንጂ፣ ሣር እያጨድክ ነው እንዴ!» አልኩት። ከዚያ በማጅራቷ በኩል ያለውን ያልተሠራ ፀጉር ወደ ላይ ሰበሰበውና እጁ ባለበት ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ። በሩን በርግዶ ሲገባ የነበረው ድምፁ የት እንደገባ እንጃ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዓምና» አለችው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ወንበሩን አዞረችና በመስታወቱ ሳይሆን ፊት ለፊት አየችው። «ከዚህ በተመለስኩ ቁጥር ‹ስንት ከፈልሽ?› ትለኛለህ። አንድ ቀን ‹ምን ሆንሽ?› ብለኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

ካስኩ ብቻውን ያጉረመርማል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ ሲታወቁ አየሁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልከፋ። የቤቱ ባለቤት፣ እኛ እሜቴ የምንላት፣ ከመደርደሪያው አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አንሥታ መጣች። «አይዞህ ወንድሜ፣ ለዚህማ መድኃኒቱ አለን» አለችውና ዋጋውን በጆሮው ነገረችው። ያ ለማበጠሪያ ሲከራከር የነበረ ሰው፣ ያን ጊዜ ሸሚዝህን አውልቅ ብትለው ያወልቅ ነበር፤ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ያ «መድኃኒት» የምግብ ዘይት ነው ጋሼ፣ ሽቶ ጠብ የተደረገበት። እሜቴ ጓዳ ገብታ ከጀሪካን ስትቀዳው በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰው ሲጨንቀው ጠብቆ ኪሱን መዳበስ፣ ዘረፋ ማለት ይሄ ነው!

«አትግዛ! ዘይት ነው። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት» አልኩት፣ ሁሉም እየሰማ።

እሜቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «ዕቃሽን ሰብስቢና ውጪልኝ» አለችኝ። እኔም «የጀመርኩትን ሴት እኩል ፀጉሯን አንጨባርሬ አልሄድም» አልኳትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ግንበኛው አጠገቤ ቆሞ፣ መዳፉ ላይ መያዣዎቹን ይዞ፣ እጄን ስዘረጋ አንድ አንድ ያቀብለኝ ነበር። ጨርሼ መስታወት ስይዝላት ጸሐፊዋ ወደ ኋላዋ አየችና «ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ ማበጠሪያዎቼን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። የወር ደመወዜን እስከ ዛሬ ከልክላኛለች፤ እሱንም አልተውላትም፣ ከሥራ ክርክር ሰሚዎቹ ዘንድ አመልክቻለሁ።

አሁን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በአንድ ወንበር ጀምሬያለሁ። ከደንበኞቼ ገሚሶቹ አድራሻዬን ፈልገው መጥተዋል። ለጸሐፊዋ ሐኪሙ የሚቀባ ነገር አዘዘላት፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁሉም ላይመለስ ይችላል አላት። አንዳንድ ቦታ ላይ ለስለስ ያለ ፀጉር ብቅ ብሏል፤ እንዳናባርረው ፈርተን ሁለታችንም አይተን እንዳላየን እንሆናለን። ግንበኛውም የመታጠቢያዬን ግድግዳ መጥቶ ለሰነልኝ። መልአክ ሆነ ግን አልልህም፤ አሁንም ዋጋ ቀንሺ ይለኛል፣ እኔም አልቀንስም።

እንግዲህ ነጭ ነጯን ልንገርህ። ያዋጣል ወይ ላልከው፣ ሁሉም አያዋጣም። እታለም የፀጉር ማሳደጊያ እያሉ የሚሸጡላትን ብልቃጥ ትተው፣ ስሙ የረዘመውንም ትሪትመንት ትተው፤ ይህን እኔ እንዳልኩ ንገራት። ፀጉሯን የሚያጥበውና የሚሠራው እጅ ግን ዋጋው ይገባዋል። እሷ ጠዋት ተነሥታ የእማዬን ጉልበት ታሻለች፣ ልጆቹን ታጥባለች፣ ያንተን ግራሶ የጠጣ ቱታ ትፈትጋለች። ያቺን ሰዓት ተቀምጣ ሰው ራሷን በቀስታ ሲነካት «እማማ ውሃ» የሚላት፣ «ካልሲዬ የታለ» የሚላት የለም። ምናልባት ለዚያ ነው የምትሄደው፤ ምናልባት ሌላ ነው። እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። አንተ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ሆነህ እኔን በፖስታ ከምትጠይቀኝ፣ እሷኑ አትጠይቃትም? ቁጣህን ግን በር ላይ አውልቀህ ግባ።

እማዬን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ። ለትልቁ ልጅ፣ ለእንዝህላሉ፣ ትምህርቱን እንዲያጠና፤ ለመሐለኛዋ፣ ለጥያቄ በዛ፣ ጥያቄዋን እንዳታቆም፤ ድንቡሼን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን፣ የላከችልኝ ሽርጥ ልክክ ብሎልኛል በሏት። ለእታለም ከሁሉም የበለጠ ሰላምታ አለኝ፤ ራሷን የምትነካላትን ያቺን ባለሙያም ሰላም በይልኝ በላት።

አንተንም ሰላም ብያለሁ ጋሼ። መጨረሻ ያደረግሁህ ንቄህ እንዳይመስልህ፤ ፀጉር ቤት ወረፋ አለ፣ በዋጋ የተከራከረ ሰው ደግሞ ቅድሚያ አያገኝም።

የምትወድህ፣ ዛሬ ግን የተቆጣችህ ታናሽ እህትህ

ግድግዳው ገና ካልደረቀው አዲሱ ክፍሌ
እሑድ፣ የካቲት ፲፩ ቀን