በጋቢ የተሸፈነው በረኛ

ግርሜ፣ ብርድ የማይችለው በረኛዬ፣

ወደ ሰሜን ዘምተህ መርዶህ ከመጣ ይኸው ዓመት አለፈው። ቤቱ ደህና ነው። የወደቀውን አጥር ወንድምህ አጠረልን። ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። የከበደኝ የልጃችን የመቅደስ ነገር ነው። የጎረቤት ልጆች የአባታቸው መቃብር ሲሄዱ እያየች የእኔ አባትስ የት ነው ትለኛለች። ምን ልበላት? ሬሳህን አላየን፣ የት እንደተቀበርክ የነገረን የለም።

ባለፈው ሳምንት የተማርክበት የመምህራን ማሰልጠኛ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ስፖርተኞቹን ፎቶግራፍ በአልበም እየሰበሰበ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከአንኮበር በጠዋቱ አውቶቡስ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። ዋንጫ የበላችሁ ዕለት የተነሣችሁት ፎቶ አለ። ከሥሩ የሁሉም ስም ተጽፏል። ጥግ ላይ እስከ አፍንጫው በጋቢ የተሸፈነው ግን «ስሙ ያልታወቀ» ይላል። አይ ግርሜ! አሰልጣኛችሁ አውልቅ እያለ ሲቆጣህ፣ አንተ ደግሞ ነፋሱን እያሳበብክ ስትጠቀለል፣ እኔ ከተመልካቹ መሃል በሳቅ ፈርሼ ነበር።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገር ግን ፊቱ ላልታየ ሰው ስም አልጽፍም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ግን በገንኩ። ባሌን በዓይኑ ብቻ መለየት ያቅተኛል? ኋላ ጋቢውን የጨበጠውን እጅህን አየሁት። ኳስ የሰበረው፣ ወጌሻው አጣሞ ያሰረልህ ጣትህ ወደ ውጭ ወጥቶ ቆሟል። የሠርጋችንን ፎቶ ከጉያዬ አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩላቸው። ቀለበት አልገባ ብሎ በሰው ፊት ላብ በላብ ያደረገኝ ያ ጣት እዚያም እንደተጣመመ ነው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቱን እያፈራረቁ ብዙ አዩ። ከዚያ የቀድሞውን ጽሑፍ ሰረዙና ስምህን ከነአባትህ ጻፉት፤ በረኛ ብለውም ጨመሩበት።

መርዶህ በመጣ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ደርቄ ቀርቼ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ግን አለቀስኩ። ሴትዮዋ ውሃ አመጡልኝ።

ከፋሲካ በኋላ መቅደስን ይዣት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እሄዳለሁ። አልረሳህም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ አብሬህ ኖሬአለሁ። እሷ ግን መልክህን እንኳ አታስታውስም። ፊደል ለይታለች። ስምህን በጣቷ እየተከተለች እስክትጨርስ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃታለሁ።