ባዶ የቀረው የመጀመሪያ መስመር

ጋኔት ኮቭ፣ ኖቫ ስኮሺያ
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 19

ለምወድህ ልጄ ለኤልደን፤

በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ከአንተ ቀድማ ለምትከፍተው የጽሕፈት ቤትህ ልጅ፦ የኔ እመቤት፣ እናቱ ነኝ። ያለፈውን ደብዳቤዬን አንብበሽ «ለሰጡን አስተያየት እናመሰግናለን» የሚል መልስ ልከሽልኛል፤ ከነማኅተሙ ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ይህን እጠፊውና ለራሱ ስጪው።

አሁን ኤልደን፣ ደህና ነህ ወይ? በቴሌቪዥን ሳይህ ከስተሃል፤ የሸሚዝህ አንገት ሰፍቶሃል። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ወንድምህ ሎርን ግን ደህና አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ወጥመዶቹን ከመኪናው አውርዶ ወደ ጀልባው ሲወስድ የጀልባ ማቆሚያው ጫፍ ላይ ያለው ሳንቃ ከእግሩ ሥር ተሰበረ። እስከ ጭኑ ሰጠመ። ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣው። አጥንቱ ተርፏል፤ ሥጋው ግን ተተልትሎ አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቷል። በመጪው ሰኞ ደግሞ የሎብስተር ማጥመጃው ወቅት ይከፈታል፤ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ወጥመድ በዚያው በበሰበሰ እንጨት ላይ ተሸክሞ ሊሻገር ነው።

«ዘንድሮ ቅር» አልኩት።

«እማዬ፣ የዓመቱን ቀለብ የማገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ቀርቼ ምን ልብላ? የኤልደንን ንግግር?»

አትቆጣ፤ እግሩን እያመመው ነው እንዲህ ያለው።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው አይደል፣ አንተ እዚያው ሳንቃ ላይ ቆመህ የተናገርክበት? አዲስ የላስቲክ ቦት ጫማ ገዝተውልህ፣ ካሜራው ሁሉ ተደርድሮ፣ «አባቴ ጀልባውን ያሰረበት ማቆሚያ ነው፤ እኔ እያለሁ አይፈርስም» ብለህ ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ሞኟ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር አንድ ነገር ትነግረኛለህ። ማቆሚያው የፌዴራል ነው፣ ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ግን የክፍለ ሀገሩ ነው፤ የክፍለ ሀገሩ መሪ ደግሞ የሌላ ፓርቲ ሰው ስለሆነ ዓይንህን ማየት አይፈልግም። ማቆሚያ የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ተራ አለው። የገንዘብ ሚኒስትሯ እሺ አላለችም። «እማዬ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማለት ንጉሥ ማለት አይደለም እኮ» አልከኝ። እኔም አመንኩህ፤ አዘንኩልህም። ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያማህ ጠበቃ ሆኜ ቆምኩልህ። «ሥልጣኑ እናንተ የምታስቡትን ያህል አይደለም፤ እጁ ታስሮ ነው» እያልኩ ስንቱን ተጣላሁ።

በዚያው ሰሞን ግን አንድ ሚኒስትርህን ጥርሱን ሊያስነቅል ተቀምጦ ሳለ በስልክ አባረርከው። የኮሌጅ ጓደኛህን ሴኔት አስገባኸው፤ እስከ ሰባ አምስት ዓመቱ የሚነካው የለም። ለዚያ ማንን አስፈቀድክ? ያኔም ቢሆን ዝም አልኩ፤ እናት ነኛ።

ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑ እራት ነበር። እኔ የዓሣ ሾርባ እቀዳለሁ፣ አዮና ዳቦ ትቆርጣለች። አዮናን ታውቃታለህ፤ የዚያ የፓርቲህ የፓርላማ አባል የክላይቭ አክስት ናት።

«ሜልባ፣ ሰማሽ ወይ?» አለችኝ። «ለሄሪንግ ፖይንት አዲስ ማቆሚያ ሊሠራ ነው። ለምርጫ ክልሉ ክላይቭዬ ነው ያስደረገው።»

«የሄሪንግ ፖይንቱ ደግሞ ምን ሆነ? ከተሠራ ስድስት ዓመት መች ሞላው?»

«አይ አንቺ! የገዛ ፓርቲው የፓርላማ አባላት ልጅሽን ከመሪነት ሊያወርዱት ፊርማ ሲያሰባስቡ አልነበር? ክላይቭም ሊፈርም ብዕሩን አንስቶ ነበር። ኤልደን ራሱ ደወለለት። ‹ምን ላድርግልህ?› አለው። የጋኔት ኮቭን ተራ ሰጠው፤ እሱም ብዕሩን አስቀመጠ። ምነው፣ አልነገረሽም እንዴ?»

የማውቅ መስሏት ነው እንጂ ክፋት አልነበራትም። ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ሎርን በከዘራው ተደግፎ ወረፋው ላይ ከሁለት ሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ።

እሑድ ስደውልልህ አልካድክም። አለመካድህን እንደ ደግነት ልቁጠርልህ?

«ሃያ ሦስት ሰው ፈርሞ ነበር፤ ሁለት ቢጨመር አብቅቶልኝ ነበር። እማዬ፣ እኔ ከወረድኩ እኮ ያንን ማቆሚያ የሚሠራላችሁ አይኖርም» አልከኝ።

«አንተም እያለህ የሠራው የለም» ስልህ ሳቅክ። ያንን የቴሌቪዥኑን ሳቅ።

አርባ ዓመት የዓሣ ሆድ ዕቃ ሳጥብ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ተጸይፌው አላውቅም። በዚያች ሳቅህ ግን ተጸየፍኩህ ኤልደን። የወለድኩትን ልጅ ተጸየፍኩት ብዬ መጻፍ ለእናት ከባድ ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። አልቻልክም ብዬ ነበር የማዝንልህ። ለካ ችለህ ኖሯል፤ ተራችንን የሸጥከው ለወንበርህ ነው። አሁን ደግሞ ሁለት ቀን እያሰብኩ ሳየው፣ አንድ ክላይቭ ብዕር ባነሳ ቁጥር የምትርበደበድ ከሆነ ያ ወንበር ራሱ ምኑ ነው ሥልጣን? ማን ነው አገሩን የሚገዛው፣ አንተ ነህ ወይስ የአዮና የወንድም ልጅ?

ትናንት የምርጫ ክልላችን የፓርቲ ሊቀ መንበር ዋልተር የእጩነት ቅጽህን ይዞ መጣ። የጃንዋሪው ምርጫ ደርሷል፤ መቶ የድጋፍ ፊርማ ያስፈልግሃል። ሻዩን ጠጣ፣ ብዕሩን ከፈተ፣ «በይ እንግዲህ እንደ ልማዳችን» አለኝ። ከመጀመሪያው ምርጫህ ጀምሮ አንደኛው መስመር የኔ ነው፤ መንደሩ ከኔ በኋላ ነው የሚፈርመው።

«ይቆይ» አልኩት።

«ሜልባ! ሰዉ እኮ አንቺን ነው የሚጠብቀው።»

«ይጠብቅ። ሌላ ከተማ ሄደህ አስፈርም።»

«አስፈርም ነበር፤ ሬዲዮው ‹የገዛ መንደሩ ምነው?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» ብሎ ቅጹን ትቶልኝ ቆቡን ደፍቶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቴ ኤቴል ደወለች። «ፈረምሽ?» አለችኝ። አልፈረምኩም ስላት «በቃ፣ እኔም አልፈርምም፤ ልብሴን ልጠብ» ብላ ዘጋችው።

ቅጹን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬልሃለሁ፤ አንደኛው መስመር ባዶ ነው። የምልህን ስማ። ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ና። ቅጹን ይዘህ ና፤ ካሜራ ግን እንዳታመጣ። በስድስት ቀን አዲስ ማቆሚያ ሥራ አልልህም፤ ያን ያህል አላበድኩም። አባትህ ለጀልባው ያስቀመጠው የጥድ ሳንቃ ጓዳው ውስጥ እንዳለ ነው፤ መዶሻውም አለ። ሎርን ዓርብ በዚያች እግሩ ሊጠግነው ሲሞክር የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ «የፌዴራል ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃድ ሚስማር ብትመታ ትከሰሳለህ» አለውና ቢጫ ገመድ አስሮበት ሄደ። እንግዲህ አንተ ምታው። ፈቃድ የሚጠይቅህ ቢመጣ ማን እንደሆንክ ንገረው። አገር መግዛቱ ቢቀር፣ ሥልጣንህ ለአንዲት ሚስማር ይበቃ እንደሆነ በዓይኔ ልይ። ያን ጊዜ ቅጹን እዚያው ጉልበቴ ላይ አድርጌ እፈርምልሃለሁ።

ሙቅ ልብስ ለብሰህ ና፤ ነፋሱ ክፉ ነው። ቡኒ ዳቦ ጋግሬ እጠብቅሃለሁ። እግዚአብሔር ከሚጠሉህ ይጠብቅህ፤ ከሚያጨበጭቡልህም አብልጦ ይጠብቅህ።

እናትህ ሜልባ

ቅጹ ላይ ሁለተኛውን መስመር ስታይ እንዳትደነግጥ። ሎርን ነው። ዛሬ ጠዋት ፖስታውን ላሽግ ስል ቅጹን ከእጄ ወስዶ የኔን ቦታ ዘልሎ ፈረመበት። «አንተን ምን ነካህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ወንድሜ ነው» አለኝ።