የስለቱ አህያ

ጥቅምት 24፣ ሞጣ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ኩንታል ጤፍ አስረከብሁ፤ አንድ አህያም ሣልሁ።

ወንድሜ ፋንታ፣ እኅትህ አሰጋሽ ምጥ ጠንቶባት ሳለ «ባሌ የእመቤታችንን የስደት ሥዕል በገዛ እጁ ሥሎ ለቁስቋም ያስገባል» ብላ መሳሏን ታውቃለህ። ስለዚህ እዚህ መምህርት ጸደንያ ዘንድ የዘይት ቀለም እየተማርሁ፣ የአንድ ጥንታዊ ሠዓሊ ሥራ አስመስዬ እሥላለሁ። ሠዓሊው ዮሴፍን አሳምረውታል። አገር ጥሎ ለሚሰደድ ቤተሰብ ግን አንዲት የስንቅ ስልቻ እንኳ አልጫኑም። በብቸና መንገድ ባዶ አህያ የሚነዳ ሰው መሳቂያ ነው። እኔ ከአህያዋ ስለጀመርሁ ሁለት ስልቻ ጫንሁባት፤ በጠፍርም አጠበቅሁት።

ጸደንያ ቆማ አየችው።

«ጋሼ ገላው፣ ጭነቱስ ደንበኛ ነው። እመቤታችን የት ትቀመጥ?»

ብመለከት ቦታ የለም። «በእግሯ ብትከተልስ?» አልሁ።

«እስከ ግብፅ?»

የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ቁስቋም ደግሞ ኅዳር 6 ናት። ስለቱ ካልደረሰ አሰጋሽ ለሕፃኑ ትሰጋለች። ስለ አህያዋ እንዳትነግራት። እናትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጄንም ሳምልኝ።

ነገ ጠዋት ስልቻዎቹን ፍቄ አራግፋለሁ።

ገላው