ለሂውስተን የተጠየቅሁት ምርቃት

ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት

መድኃኒት ዋጥኩ። ሻይ ጣድኩ። የአሜሪካንን ዜና ከፈትኩ። ዛሬም በግብር ሲነታረኩ አደሩ። ቀዩ ፓርቲ ይቀነስ፣ ሰማያዊው ሀብታሙ ይክፈል። እኔ ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ እፈርዳለሁ። ማስታወሻዬ፣ ድምፅ የማልሰጥበት አገር ፖለቲካ የደም ግፊቴን ሲያስነሣው ምን ይባላል? እዚሁ ካናዳ የመረጥኩትን ሰውዬ ስም እንኳ ዘንግቼዋለሁ።

ዳዊት ደወለ። እዚሁ ከተማ የሚኖር የክርስትና ልጄ ነው፤ አባቱ ከሞተ ወዲህ አባቱም እኔ ነኝ። ዲቪ ደርሶት ቪዛው ለሦስቱም ተመትቷል፤ እሱ፣ ሚስቱ ሜሮንና ልጃቸው ሶልያና። ሂውስተን የአጎቱ ልጅ የጭነት መኪና ድርጅት አለው፤ ሥራውን ይዞለታል። ቴክሳስ የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር የለም። ሜሮን ግን አልሄድም ብላለች። ተኮራርፈዋል። ሽማግሌ እንድሆን ለመነኝ።

እሺ አልኩ። ወደ እሱ እንደማደላ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ደስ አላለኝም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬ አየሁት።

ሦስት ሽማግሌ ነበርን። አንዱ ሥራ ገባሁ ብሎ ቀረ። እኔና አቶ ግርማ ሄድን። ግርማ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ ነው፤ የሰማያዊው ፓርቲ ያለ ደመወዝ ጠበቃ። ባልና ሚስት ሶፋው ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ። በጸሎት ጀመርን። ዳዊት ተናገረ፤ ሁለት ፈረቃ እየሠራ ግብሩ አላላውስ እንዳለው፣ ልጁ የመንግሥት እጅ እያየች እንድታድግ እንደማይፈልግ። እውነቱን ነው፣ አልኩ። ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። ያ መንግሥት ባይኖር አንተስ ማን ያሳክምህ ነበር አለኝ። የእናንተ ፓርቲ ነው አሜሪካንን ሥራ ፈት ያደረጋት አልኩት። "የእናንተ" ማለቴን ልብ በል። ሁለታችንም የካናዳ ዜጎች ነን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ያሳፍራል። ስለ ድንበር፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ምግብ እርዳታ። ግርማ ተነሣ። እኔም ተነሣሁ። ሶልያና የስኳር በሽተኛ ናት፤ በመሃል የኢንሱሊን ፓምፗ ጮኸ፤ ስኳሯ ሲወርድ ይጮኻል። ማንም ልብ አላለም። ሰባት ዓመቷ ነው። ከክፍሏ ወጣች፣ ፍሪጅ ከፈተች፣ ጭማቂዋን ቆማ ጠጣች፣ ተመልሳ ገባች። ባዶውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ሳይ ነው የገባኝ።

መጨረሻ ላይ ያስታረቁን ባልና ሚስቱ ናቸው። ዳዊት በመሃላችን ገባ፣ ሜሮን ይቅር ተባባሉ አለች፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሽምግልና ሄደን ታርቀን ተመለስን። የእነሱ ነገር እንዳለ ቀረ።

ስወጣ ሜሮን በር ድረስ ሸኘችኝ። ቀስ ብላ፣ "ጋሼ፣ እትዬ ጽጌ በየዓመቱ ቨርጂኒያ ይምጡ ይሉዎታል አይደል? ለምንድነው ያልሄዱት?" አለችኝ። ጽጌ እህቴ ናት።

ብርዱ ይሻለኛል ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ታኅሣሥ 8

እንቅልፍ የለም። ጥያቄዋን እያኘክሁ ነው።

ያልሄድኩት ልቤን ስለፈራሁ ነው። እዚህ ደረቴን ከፍተው ሲጠግኑኝ ከኪሴ የወጣው የዳዊት መኪና ማቆሚያ ብቻ ነበር፤ እሱንም የከፈለው ራሱ ዳዊት ነው። የምኖርበት የመንግሥት ቤት ኪራዩ በጡረታዬ ልክ ነው። ጤና ካርዴን ከፓስፖርቴ አስበልጬ እደብቃለሁ። እና ጠዋት ጠዋት ከመንግሥት የሚጠብቅ ሕዝብ ወኔው ይሞታል የሚለውን ሰውዬ ቪዲዮ አዳምጣለሁ። አዳምጬም ለዳዊት እልክለታለሁ።

ግን ግብር ይበዛል። ዛሬም እላለሁ። ዳዊት በውርጭ ጣራ ላይ ወጥቶ የሰው ማሞቂያ ሲጠግን ይውላል፤ ሰነፍ አይደለም። ቤት መግዛት አልቻለም። ንዴቱ ከመሬት አልተነሣም።

ታኅሣሥ 11፣ ከሰዓት

ዳዊትን ጠርቼ አናገርኩት። ፓርቲ አላነሣሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የልጅቱ ኢንሱሊንና ፓምፕ እዚያ በምን ይሸፈናል?

ለጊዜው ኢንሹራንስ የለም አለ። የአጎቱ ልጅ ድርጅት ለሠራተኛ ኢንሹራንስ አይገባም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ሥራው ሲደላደል ይገዛል። ለጥቂት ወር የሚሆን ኢንሱሊን ከዚህ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያስ? "እግዚአብሔር ያውቃል።"

ቀድመህ ብቻህን ሂድ፣ እነሱ ኢንሹራንሱ ሲገኝ ይድረሱብህ አልኩት። ቪዛው ቀን አለው፣ ቤተሰብ ተከፋፍሎ አይኖርም አለ። ከዚያ ሻዩን ወደ ጎን ገፋ። "ጋሼ፣ እነዚያን ቪዲዮዎች ሁሉ ሴንድ ሲያደርጉልኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ? አሁን ምን ሆኑ?"

ፈራሁ አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ታኅሣሥ 15

ሜሮን ደወለች። ደክሟታል። ጭቅጭቁ በልጅቱ ፊት ሆነ፤ ሶልያና ቁጭ ብላ "ኢዝ ኢት ቢኮዝ ኦፍ ሚ?" አለቻቸው፤ በእኔ ምክንያት ነው ወይ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜሮን ክርክር አቁማለች። እንዲህ ተስማሙ፤ ጋሼ ከመረቁ ትሄዳለች፣ ካልመረቁ ዳዊትም ይቀራል። እሱ ያለ ምርቃት ከቤት የወጣ ሰው አይቀናውም ብሎ ያምናል። የሞተው አባቱ ያስተማረው ነው።

ሁለቱም እኔ ላይ ጣሉት። እሱ በመጨረሻ እንደማልጨክንበት እርግጠኛ ነው። እሷ ምን እንደምታስብ አልነገረችኝም።

ተናድጃለሁ። ምነው ግርማን በጠየቁት። ደግሞ ግርማ ቢሆን አንድ ሰዓት ስለ ኮንግረስ ይነግራቸው ነበር።

ታኅሣሥ 17

ዜና አልከፈትኩም። ቤቱ ጭር አለ።

ለመመረቅ ሞከርኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። ሂድ፣ የረገጥከው ይለምልም፣ የያዝከው ይባረክ። እስከዚህ ደረስኩ። ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ የሚለው ላይ አንደበቴ ተያዘ። ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

የላም አለኝ በሰማይ ነገር ነው እንዳልል፣ ስንቱ እዚያ ሄዶ አልፎለታል። ለዳዊትም ያልፍለት ይሆናል። እኔ የማየው ያቺን ጭማቂ ቆማ የጠጣች ልጅ ነው። ማንንም አልጠራችም። ለምዳዋለች።

ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት

ሜሮን ደወለች። እታች ናቸው። ሻንጣ ተጭኗል፤ ዳዊት ትናንት ብቻውን ሲጭን ዋለ። አልወጣም፣ ከመኪናው ጋ ይምረቁኝ ብሏል። እላይ ከመጣ እንደማከራክረው ያውቃል።

በመስኮት አያቸዋለሁ። በረዶ ይጥላል። ሞተሩ አልጠፋም። ዳዊት ኮፍያውን አውልቆ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ለምርቃት እንደሚቆም ሰው። ወደ እኔ ያያል። ሜሮን ወደ ፊት ታያለች።

እምቢ ካልኩ ቪዛው ይቃጠላል። ዕድሜ ልኩን ጋሼ ናቸው ያስቀሩኝ ይላል። እውነቱን ነው። በየወሩ ከደመወዙ ግብር በተቆረጠ ቁጥር ያስታውሰኛል። የምሞትበት ቀን ሬሳዬን የሚሸከም ሌላ ልጅ የለኝም።

ኮቴን ለብሻለሁ። በስልክ አልነግረውም፤ ወርጄ ዐይን ዐይኑን እያየሁ እነግረዋለሁ። አልመርቅም። አባቴ አይደሉም ቢለኝም አልመርቅም።

ልወርድ ነው።