ለሰው ሁሉ ጡሩንባ የነፉት አቶ ንጋቱ ላቀው

አቶ ንጋቱ ላቀው ከአባታቸው ከአቶ ላቀው ደምሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብነሽ አዳነ፣ በስማዳ ወረዳ ከወገዳ ከተማ ወረድ ብሎ በሚገኘው አጥቢያ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ገብተው ዜማ ጀምረው ነበር። የባቡር ወሬ ግን ልባቸውን ወሰደውና በ1963 ዓ.ም. ድሬዳዋ ወርደው በሐዲድ ጥገና ሥራ ተቀጠሩ፤ ቡርቃ ዲማ በምትባል የበረሃ ጣቢያም ተመደቡ።

ያኔ ቡርቃ ዲማ ምን ያልነበራት! ውኃዋ እንኳ በፉርጎ ነበር የሚመጣላት። ባቡሩ ሲቆም ፍራፍሬ ሻጩ፣ ልብስ ነጋዴው፣ ተሳፋሪው ይተራመስባታል። እዚያው ሻይ ቤት ከነበራቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ጋር በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው ልጃቸውን ማንአለሽን አፈሩ። የጣቢያው ሰው ዕድር ሲያቋቁም፣ ድምፅ ያውቃሉ ብሎ ጡሩንባውን ለአቶ ንጋቱ ሰጣቸው። ሰው በሞተ ቁጥር ማለዳ ሐዲዱን ይዘው እየነፉ ይሄዱ ነበር፤ አገሩም ነቅሎ ይወጣል።

ምን ያደርጋል! ባቡሩ ቀረ፤ ውኃውም አብሮ ቀረ። አዲሱ ሐዲድ በሌላ በኩል አለፈ። ሰው በሩንና ቆርቆሮውን እየነቀለ ተሰደደ። ወይዘሮ የኔነሽ በ2004 ዓ.ም. ሲያርፉ ቃሬዛ የሚሸከም የተገኘው በልመና ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ ነርስ የሆነችው ማንአለሽ ወደ እሷ እንዲመጡ ስንት ጊዜ አለቀሰችባቸው። «ከእናትሽ ጎን ቦታዬን በድንጋይ ከልያለሁ። ደግሞስ እኔ ከሄድሁ ለቀረው ማን ይነፋለታል?» እያሉ እንቢ አሉ። የመጨረሻው ጎረቤታቸው አቶ ቀለመ ወርቅ ሲሞቱ ነፉ፣ ነፉ፤ የወጣ ሰው አልነበረም። ከመንገደኛ ግመል ነጂዎች ጋር ሆነው ቀበሯቸው።

አቶ ንጋቱ የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ሳለ ስልካቸው አልነሣ አለ። ማንአለሽ ገሥግሣ ብትደርስ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ብቻቸውን አርፈው አገኘቻቸው። ጡሩንባውን አንሥታ ራሷ ነፋችላቸው። ማን ይምጣ? ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚቆፍርም፣ ፍትሐት የሚያደርስም ጠፋ። ከየኔነሽ ጎን የከለሏት ቦታ ባዶዋን ቀረች፤ እሳቸውም በጭነት መኪና ወደ ስማዳ መጡ።

ዛሬ የወገዳ ዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ሰዉ ጎርፎ ወጥቷል፤ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ከልጃቸው ከማንአለሽና ከታናሽ ወንድማቸው ከአቶ ፈንታው በቀር መልካቸውን የሚያውቅ የለም። ስንቱን የቀበሩ ሰው በማያውቃቸው እጅ ተቀበሩ።

አምላክ የአቶ ንጋቱን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን። በዚያ በረሃ ጎናቸው ባዶ የቀረውን የወይዘሮ የኔነሽንም ነፍስ አይርሳብን።