የሪንሰ ሁለተኛ ውሃ

ለውድ ወንድሜ ለዊበ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤንነትህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ በጎችህ፣ ያ ሰነፍ ውሻህስ? እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ ደህና ነው። አባባም ሰማንያ አንድ ዓመት ሞልቶት አሁንም ደግፌ ላስነሳህ ያለውን ሁሉ ይቆጣል። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ አንስቼ ተውኩት። በጽሑፍ እጅህ መግባት ያለበት ነገር ስለሆነ ተቀምጠህ አንብበው።

ሪንሰን ያዝኩልህ።

ውርጩ ስምንት ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ቆይቶ ቅዳሜ የመንደራችን የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ ተከፈተ። እኔም ልጆቼን፣ እማማንና አባባን ይዤ ሄድኩ። ትንሿ ፌምከ እንደ እኛ ጊዜ የወጥ ቤት ወንበር እየገፋች መንሸራተት ትማራለች። ዬልመር ደግሞ እማማን በበረዶ ጋሪ ላይ አስቀምጦ ሲያበርራት፣ "ቀስ በል አንተ ቀበጥ፣ ሳልሞት ልትቀብረኝ ነው?" እያለች ትጮህበታለች። አባባ ግን የመንሸራተቻ ጫማውን እንኳ አላሰረም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሪንሰን ብቻ ያያል። አንተ ከሄድክ ወዲህ በዚያ ሜዳ አንድ ዙር ዞሮ አያውቅም።

ሪንሰ ዛሬም የሜዳው ሹም ነው፤ ማይክሮፎኑም ከእጁ አይለይም። በዚያው ቀን የአርባ ዓመት አገልግሎት ሜዳልያ ሊሸልሙት ነበር። አንተ የሠራብህን አትረሳውም፤ ልጆችህ እንዲያነቡት ግን ልጻፈው። በዚያ ክረምት ከአካባቢው መንደሮች ሁሉ ቀድመን ውድድር ልናዘጋጅ ነበር። ውሃ ረጪው አንተ ነበርክ፤ ማታ በረዶው ሌሊቱን እንዲወፍር አንድ ስስ ውሃ ረጭተህበት፣ ፓምፑን ቆልፈህ ገባህ። ጠዋት በረዶው እንደ ገንፎ ላሽቆ ሕፃናቱ እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ፤ ውድድሩም ለጎረቤት መንደር ሆነ። ሪንሰም በሕዝብ ፊት፣ "ይሄ ሰካራም ፓምፑን ከፍቶ ተኝቶ ነው" አለ። ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ወዲህ አንተ ዳቦ ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። በዓመቱ ስሜ ሳይጸዳ አልመለስም ብለህ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔም ሃያ አምስት ዓመት አንጀቴ እያረረ ያን ሰው ጠበቅሁት።

ሪንሰ ጉራ ይወዳል። ስለ በረዶ ከጠየቁት አፉን የሚዘጋለት የለም። ሜዳልያው አንገቱ ላይ ገብቶ፣ ሰዉ የአተር ሾርባውን ይዞ ሲሰበሰብ ጠጋ አልኩና ድምፄን አለስልሼ፣ "ጋሽ ሪንሰ፣ ለልጆቹ ይንገሯቸው እንጂ፤ ሌሎቹን መንደሮች ለመቅደም ያልሠሩት ነገር አለ?" አልኩት። ወዲያው ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። "እናንተ ልጆች ምን ታውቃላችሁ! እኔኮ ሌላው ሲያንኮራፋ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ በተረጨው ላይ በገዛ እጄ ሁለተኛ ውሃ የጨመርኩ ሰው ነኝ!" አለ። "አይ ጀግና! የትኛው ክረምት ነበር?" አልኩት። "ድልድያችን የተመረቀበት ነዋ፣ ሰማንያ ሰባት!" አለኝ።

ሾርባ የምትቀዳው ሴት ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ያን ክረምት የማያውቅ ትልቅ ሰው በመንደሩ የለም። እኔም ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ "ታዲያ ወንድሜ ዊበ የረጨው ሳይረጋ ነዋ የጨመሩበት" አልኩ፤ ድምፄ ሜዳውን ሞላው። የሪንሰ ፊት አመድ መሰለ። "እኔኮ... ለመንደሩ ብዬ ነው" አለ። እማማ ከጋሪዋ ላይ ሆና፣ "ለመንደሩ ብለህ ልጄን ወሰድክብኝ!" ብላ ጮኸችበት። ምን ልደብቅህ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አባባ ተነስቶ ወደ ቤት ሄደ። ተቆጥቶ መስሎኝ ፈራሁ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ተሰልፎ ይዞት ይንሸራተት የነበረውን ያን ረጅም ዘንግ ከጎተራ አውርዶ ተሸክሞታል። ጫማውን አሰረና ዘንጉን ከፊት ያዘ። ዬልመር ከኋላው ሊይዝ ሲል፣ "እዚያ አይደለም፣ ያ የዊበ ነው" ብሎ ወደ ኋላ መለሰው። ቦታህን ባዶ ትተን ሦስት ዙር ዞርን። ሰዉም መንገድ ለቀቀልን።

ሰኞ ሪንሰ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ደጃችን መጣ። ይቅርታ ሊለኝ ሲጀምር አቋረጥኩትና ወጥ ቤት አስቀምጬ፣ አንድ ስኒ ቡና እንኳ ሳላቀርብለት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁት። "ሳላውቅ አጠፋሁ" ብሎ ጻፈ። አሰረዝኩትና "እያወቅሁ ዋሸሁ" አስጻፍኩት። ደብዳቤው ከዚህ ጋር አለልህ። ይቅር ብትለው ያንተ ፈንታ ነው፤ እኔ አላልኩትም፣ አልለውም።

አባባ ዘንጉን ወደ ጎተራ አልመለሰውም፤ በራፉ ላይ አቁሞታል። እማማ ከጉንጭህ ትስምሃለች፣ መቼ እንደምትመጣም ቁርጡን ጻፍልኝ ብላለች። ዬልመርና ፌምከ አጎታችንን ሰላም በይልን ብለዋል። ለባለቤትህ ለጆአንና ለልጆችህ ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለውሻህ ደግሞ ስጦታ አለው። ሪንሰ ሜዳልያውን ጠረጴዛችን ላይ አውልቆ ስለሄደ ፖስታው ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አንገቱ ላይ እሰርለት።

እህትህ ባውክየ
ሃርስዋልደ፣ ፍሪስላንድ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2012